ከውሃ ላይ በቀር የማይነገሩ አራት ምልክቶች

ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ሳን ሊያንድሮ።

ጭጋጉ ከመንገዱ አልተነሣም። ጎረቤቴ ትዕግሥት ታክሲዋን አሙቃ ጠበቀችኝ።

«ጋሼ፣ ለአንድ ሽማግሌ ሁለት ደብተር?»

«አንዱ ለረቂቅ ነው።»

«ኧረ ጋሼ! ፎንዎ ላይ ሪከርድ አያደርጉትም?»

ደብተሮቹን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በሩን ዘጋሁት።

12 ተኩል፣ ኦክላንድ።

ኮልም የጎማ ቦቲውን አድርጎ ከበሩ ቆሟል። ወደቡ ላይ ለብዙ ዓመታት አብረን ሠርተናል። የተወለደው በአየርላንድ ምዕራብ ጠረፍ፣ ዛሬ ባዶ በቀረች የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። አባቶቹ ዓሣ ያለበትን ስፍራ የሚያገኙት ያለ ካርታ ነበር፤ ከባሕሩ ላይ ሆነው በየብስ ያለ አንድ ጣሪያ ከአንድ ዐለት ጋር በአንድ መስመር ሲገጥም ያዩና መረብ ይጥላሉ። እንዲህ ያሉ አራት ምልክቶች አሉ። አባት ለልጁ የሚነግራቸው በጀልባ ላይ ብቻ ነው፤ በየብስ አይነገሩም፣ አይጻፉም። ዛሬ ከኮልም በቀር የሚያውቃቸው የለም። ጂኦግራፊ የተማርሁ ነኝና እንዲያስጽፈኝ ስለምነው ኖሬአለሁ። «ልጄ ይስማና እሱ ይፍቀድልህ» ይለኛል። ልጁ ኩፐርቲኖ ከተማ ይሠራል፤ በጀልባ ላይ የሚሰማበት ቀጠሮ ዛሬ ነው።

3 ሰዓት፣ ሳን ሆዜ፣ አልቪሶ።

ድሮ ወደብ ነበር፤ ዛሬ ደለልና ቄጠማ። የተከራየናት ጀልባ ታስራ ትወዛወዛለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመን ጠበቅን። በመጨረሻ የኮልም ስልክ ጮኸ፤ ልጁ ነው።

«አባዬ፣ ስብሰባ ገባብኝ። ድምፅህን ቅዳና ላክልኝ፤ ቅዳሜ እሰማዋለሁ።»

ኮልም ስልኩን ኪሱ ከተተ። ፊቱ እንደ ተዘጋ መስኮት ሆነ።

«ታዲያ ለጋሼ ይንገሯቸዋ!» አለችው ትዕግሥት።

ኮልም ወደ እኔ ዞረ። «ደብተሮችህን መኪናው ውስጥ ተዋቸው። ልጄ መጥቶ እስኪጠይቅህ አንዲት ቃል አትጽፍም።»

ማልሁ። በሰማንያ ሁለት ዓመቱ የቀዘፈው እሱ ነው። እያንዳንዱን ምልክት ሁለት ጊዜ ነገረኝ፤ እኔም እንደ ቆሎ ተማሪ ደገምሁለት። አልተሳሳትሁም።

«እኔ ስሞት ልጄ ከመጣ እንዲህ ብለህ ንገረው» አለኝና ጀልባዋን ወደ ዳር መለሰ።

8 ሰዓት፣ አውራ ጎዳና።

መንገዱ በመኪና ተጠቅጥቋል። ኮልምን ኦክላንድ አወረድነው፤ ወደ ኋላው አልዞረም።

«ጋሼ፣ ምነው ዝም አሉ?»

«እያጠናሁ ነው።»

«ኖት ያድርጉት እንጂ! ማን ያያል?»

«እኔ።»

10 ሰዓት፣ ሳን ሊያንድሮ።

ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ምልክቶቹን በቃሌ ከአንድ ጀመርሁ። ሦስቱ በቅደም ተከተል መጡ። የአራተኛው ጣሪያ አለ፤ የሚገጥመው ዐለት የለም። ዕድሜዬን ሁሉ ለወረቀት አደራ ሰጥቼ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ራሴን በቃል መያዝ አላለማመድሁትም። ደጋግሜ ጀመርሁ፤ ዐለቱ አልመጣም።

ኀፍረቴን ዋጥ አድርጌ ደወልሁለት። «ኮልም፣ አራተኛው ጠፋኝ።»

 ትንፋሹ ይሰማኛል።

«የት ሆነህ ነው?»

«ቤቴ።»

«እኔም ቤቴ ነኝ፤ የብስ ላይ» አለና ስልኩን ዘጋው።