የደኑን ድርጅት ሳጠና

በመሥሪያ ቤታችን የሕዝብ ግንኙነት ክፍል እንደ ሃይማኖት የሚጠበቅ ሥርዓት ነበር፤ ስለ አንድ ድርጅት ከመጻፍ በፊት ድርጅቱን ማጥናት። አለቃዬ በንጉሡ ዘመን ጋዜጠኛ የነበሩ፣ ደርግ ከመጣ ወዲህ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መኖር የለመዱ ሰው ናቸው። «ፋይሉን አንብቢ፣ ሠራተኛውን አነጋግሪ፤ ከዚያ ከአጥሩ ውጭ ውጪና ከድርጅቱ ደመወዝ የማይበላውን ሰው ጠይቂ» ይሉኝ ነበር። ጥናቱ ሲያልቅ ደግሞ ጽሑፉ ሳይጀመር የተጠናው ድርጅት ኃላፊ ያየዋል። ይሄ የመጨረሻው ነገር ያን ጊዜ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

እንጦጦ ላይ ችግኝ የሚያፈላና ደን የሚጠብቅ አንድ የመንግሥት ድርጅት ለአብዮት በዓል መጽሔት እንዲዘጋጅለት ጠየቀና ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ከተቀጠርኩ ገና ብዙም አልቆየሁም፤ የእናቴና የታናናሾቼ ጉሮሮ ደግሞ በእኔ ደመወዝ ላይ ነበር። ስለዚህ ደስ ብሎኝ ብቻ ሳይሆን ፈርቼም ጭምር ነው የተቀበልኩት።

ከቤቴ ከኮተቤ እስከ መገናኛ በአውቶቡስ፣ ከመገናኛ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር በውይይት ታክሲ፣ ከዚያ በላይ በእግር ነው። ውይይት ይባል እንጂ በዚያን ዘመን ውስጡ ፊት ለፊት የተቀመጠ ተሳፋሪ ሁሉ ጫማ ጫማውን እያየ ነበር የሚሄደው።

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ በደንብ አስተናገደኝ። ፋይል በፋይል ላይ ቆለለልኝ፣ የችግኝ መደብ አዞረኝ፣ ስለ ዕቅዱ አወራኝ። ሁሉም ነገር ያምራል። ከመጠን በላይ የሚያምር ነገር አላምንምና በማግስቱ የአለቃዬን ትዕዛዝ ይዤ ከአጥሩ ውጭ ወጣሁ።

ከአጥሩ ውጭ ያሉት ከደኑ ቅጠልና ጭራሮ እየለቀሙ፣ በጀርባቸው ተሸክመው ከተማ ወርደው የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ። እስክሪብቶዬን ሲያዩ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ያልፋሉ። አልፈርድባቸውም፤ ደህና ጫማ አድርጎ፣ ወረቀት ይዞ የሚጠይቅ ሰው በዚያን ጊዜ ለማን ደግ ነገር ይዞ መጥቶ ያውቃል?

ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው አንዲት ሴት ብቻ ሸክማቸውን ከመንገዱ ዳር አሳርፈው አረፍ ብለው ነበር። «ምን ፈለጉ?» አሉኝ በቀዘቀዘ ድምፅ። ስለ ደኑ ልጠይቅ እንደመጣሁ ነገርኳቸው። «እንግዲያስ ያንን ቦርሳዎ ውስጥ ይክተቱና ያሸክሙኝ» አሉ እስክሪብቶዬን በአገጫቸው እያሳዩ። ሸክሙን ላነሳ ስታገል ይዞኝ ሊወድቅ ሆነ። ሴትዮዋ ሳቁ፤ ከዚያ ወዲህ አንቺ ነበር ያሉኝ።

አብሬያቸው ወረድኩ። እየሄድን ያወሩኝ ነገር በአንዱም ፋይል ውስጥ አልነበረም። ያንን ባሕር ዛፍ የተከሉት እሳቸውና ጓደኞቻቸው ናቸው፤ ድርጅቱ በቀን ሠራተኝነት ቀጥሯቸው። ዛፉ ሲያድግ ሥራው አለቀና እነሱ ሌባ ተባሉ። ዘበኛ ሲይዛቸው ሸክሙን ይወስዳል፤ ሸክሙስ ይሁን፣ ገመዳቸውንም ይቀማል። በዘበኞቹ እንዳይታዩ የሚወርዱት በአንድ ደረቅ ጅረት ውስጥ ነበር፤ እኔንም ይዘውኝ የወረዱት በዚያው ነው። «ይቺን መንገድ እንዳትጽፊያት» አሉኝ ስንለያይ። ቃል ገባሁላቸው።

ጥናቱን ስጽፍ ጅረቱን አላነሳሁም፤ ዛፉን የተከሉት ሴቶች ዛሬ ከደኑ እንደሚባረሩ ግን ጻፍኩ። አለቃዬ አንብበው ሲጨርሱ፣ «እውነት ከሆነ ይሂድ» አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ጥናቱን እኛው ቢሮ መጥቶ በፊታችን አነበበው። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ፈገግ አለ።

«ጥሩ ጥናት ነው። ለመሆኑ ጓዲት፣ በየት በኩል ነው የሚወርዱት?»

አላውቅም ብሎ መገላገል ይቻል ነበር። ግን ያ ፈገግታ እልህ አስያዘኝ፤ እልህ ከያዘኝ ደግሞ እናቴም አትመልሰኝም።

«አውቃለሁ፤ ግን አልናገርም። የመጣሁት እናንተን ላጠና እንጂ እነሱን ልጠቁም አይደለም።»

መጠቆም በዚያን ዘመን ሰው የሚያስበላ ቃል ነበር። አለቃዬ ቶሎ ብለው፣ «ልጅ ናት ጓድ፣ አካባቢውንም በቅጡ አታውቀው» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ጥናቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «ይሄ እኔ ጋ ይቆይ» ብሎ ወጣ።

መጽሔቱን ሌላ ሰው ከቢሮው ሳይወጣ ጻፈው። እኔ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ። ከዚያ የከፋው ፍርሃቱ ነበር፤ በር በተንኳኳ ቁጥር የመጡት ለእኔ ይመስለኝ ነበር። ያም ሆኖ በራሴ እኮራ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ?

የሚያስፈራው ነገር ቀለል ሲል ወደ እንጦጦ ወጣሁና ሴትዮዋን ፈልጌ አገኘኋቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ምስጋና ፈልጌ ነበር፤ ቢያቅፉኝም አልጠላም ነበር።

«ወይ ልጄን!» አሉ። «በጅረቱ መውረድ እኮ ከተውን ቆየን። አንቺ የመጣሽ ዕለት ማታውኑ ተማክረን ነው የተውነው።»

«አላመኑኝም ነበር ማለት ነው?» አልኩ፤ ድምፄ ውስጥ ያለው ኩርፊያ ለራሴም ተሰማኝ።

«አንቺንስ አምኜሻለሁ። ቢገርፉሽ ምን እንደምትሆኚ ግን እኔም አላውቅ፣ አንቺም አታውቂ።»

ከፋኝ። የመጻፍ ሥራዬን ያስቀማኝ ምስጢር ለካ ማንም የማይሄድበት መንገድ ነበር። ግን ቃላቸውን ወዲያ ወዲህ ባገላብጠው ስህተት አጣሁበት፤ እውነትም አላውቅም ነበር፣ ዛሬም አላውቅም።

ሸክማቸውን አስተካክለው መንገድ ሲጀምሩ ልሸኛቸው አልተነሳሁም። አሁን በየት እንደሚወርዱም አልጠየቅኋቸው። መንገዳቸውን እንዳላይ ፊቴን ወደ ተራራው አዙሬ፣ ርቀው እስኪሄዱ ድረስ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቆየሁ።