ከወፍጮ ቤቱ ጎን የነበረው ሳጥን

በምዕራብ ሐረርጌ ምድር የመጀመሪያው የኤሌክትሮኒክ ከበሮ መቺ እኔ ነኝ፤ ከአዋሽ እስከ ድሬዳዋ የሚቀድመኝ ካለ እጁን ያውጣ። ባለፈው ሳምንት ጭሮ መናኸሪያ አጠገብ፣ ስልክ የሚጠግነው የእህቴ ልጅ ሱቅ ውስጥ ተጎልቼ ይህን ስናገር ልጁ ቀና ብሎም አላየኝ። በስልኩ አንድ ፈረንጅ ቁም ሳጥን በሚያህል የሽቦ ጫካ ፊት ቆሞ፣ ገመድ እየነቀለ እየሰካ፣ ወዴት እንደሚሄድ የማይታወቅ ዜማ ሲያወጣ ያሳየኝ ነበር። «ሞዱላር ሲንተሳይዘር ይባላል፣ አጎቴ። አዲስ ነገር ነው።» አዲስ! መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት ግን ከመበየጃው ጫፍ የሚነሳው የተቃጠለ ሙጫ ሽታ አፍንጫዬ ገባና ኩራቴ ሁሉ ተነፈሰ። እውነቱን ለመናገር የሙዚቃ ባንዳችን ሁለት ሰው ብቻ ነበር፤ ሙዚቀኛው ደግሞ እኔ ሳልሆን ኑረዲን።

ኑረዲን የጎረቤታችን የአዴ ፋጡማ አንድ ልጅ፣ የእኔም የክፍል ጓደኛ ነበር። ቤታቸው ከአባ ሙሜ ወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ኑረዲን ሲያስነጥስ እንኳ የማሽላ ዱቄት ነበር የሚወጣው። በከተማችን በጭሮ የሞተ ሬዲዮ ሁሉ የሚቀበረው እሱ ጋ ነው። የሬዲዮኖቹን አንጀት አውጥቶ በጣውላ ሳጥን ውስጥ ደርድሮና በይዶ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሽቦ ሲሰካ አንዱ እንደ ጅብ ግልገል ያላዝናል፣ ሌላው ጡት እንደ ተነጠቀ ሕፃን ይንሰቀሰቃል። የእኔ ከበሮ የዘይት ቆርቆሮ ነበር፤ ከክዳኑ ሥር የአሮጌ ስልክ ማዳመጫ ተለጥፎበት፣ ስመታው ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው «ዱው» የጎረቤት ከተማዋን የበደሳን ዶሮዎች ሳይቀር እንቁላል ያስጥል ነበር።

ዜማው ግን ልዩ ነበር። ሳጥኑ አንድ ድምፅ ይዞ ይቆይና ድንገት ቁልቁል ይንሸራተታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አለቀ ስትል ይመለሳል። ከግድግዳው ሥር ጫታቸውን ይዘው የሚቀመጡት ትልልቅ ሰዎች «ይሄ ልጅ ከጂን ጋር ነው የሚጫወተው» እያሉ በማግስቱ ቦታ ለመያዝ ይሽቀዳደሙ ነበር። እኛ ግን መንሸራተቱን እንደ እንከን ነበር የምናየው። ወፍጮው ሲነሳ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ድምፁም አብሮ ይወድቃል፤ ያኔ ኑረዲን ግድግዳውን እየደበደበ፣

«አቦ አባ ሙሜ፣ ዜማዬን ፈጩት እኮ!» ይላል።

«አልሜ ፈጭቼ እመልስልሃለሁ!» ይላሉ ሽማግሌው ከወዲያ።

ያን ጊዜ ደላላ የሰፈራችንን ልጆች በጅቡቲ በኩል ወደ ባሕሩ ማዶ እየነዳ ይወስድ ነበር፤ ለኑረዲንም ቀን ተቆርጦለታል። አዴ ፋጡማ ለምነው፣ አልቅሰው፣ አልሰማ አላቸው። አንድ ተስፋ ብቻ ቀረ። ሂርና ላይ ለሠርግ ድምፅ ማጉያ የሚያከራይ ሰውዬ ልጁን ሊድር ነበርና «ድግሴን ካደመቃችሁልኝ እቀጥራችኋለሁ» አለን። ኑረዲንም እናቱን «ከተሳካልኝ እቀራለሁ፣ ወላሂ» አላቸው።

ሳጥኑን ጭናችን ላይ አድርገን፣ በየጉድጓዱ እንደ አራስ ልጅ እያቀፍነው ሂርና ደረስን። ሰውዬው «ጄኔሬተር አለኝ፣ መብራት አይዋዥቅባችሁም» ሲለን በደስታ ተቃቀፍን። ገና በጠራራ ፀሐይ፣ ዳሱ ሰው ጢም ብሎ ሳለ ኑረዲን ሳጥኑን ሰካ። አንድ ድምፅ ወጣ፤ እንደ ተወጠረ የልብስ ማስጫ ገመድ ቀጥ ያለ። ሽቦ ነቅሎ ሌላ ሰካ፤ ሌላ ገመድ። ጠበቅን፤ ድምፁ አልወረደም፣ አልተንቀጠቀጠም። የኑረዲን ፊት ሲገረጣ አይቼ እኔም ገባኝ፦ ከዚህ ግድግዳ ኋላ አባ ሙሜ የሉም። ስንረግመው የኖርነው ወፍጮ ኖሯል ዘፋኙ።

«ይሄ ሳጥን ሞቷል ወይስ ሰው እየተጣራ ነው?» አሉ አንድ አዛውንት፤ ዳሱ በሳቅ ፈረሰ።

ኑረዲን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ከበሮውን፣ አቦ! ከበሮው ብቻ ይበቃናል» አለኝ። ልክ ነበር። የእኛ አገር ሠርግ ምት ካገኘ ሌላ አይጠይቅም፤ ልጃገረዶቹ ለጭብጨባ እጃቸውን አንስተው ነበር። መታሁ። እጆቹ ተከተሉኝ፣ ተደናበሩ፣ እርስ በርስ ተያዩና አንድ በአንድ ወረዱ። ሰውዬው ክፉ ቃል ሳይናገረን ሳጥኑን ነቅሎ ካሴት ከፈተ።

በመልሱ መንገድ ኑረዲን ሳጥኑን ብቻውን አቀፈ። በዚያው ሳምንት ሄደ። ጀልባዋ ማዶ እንዳልደረሰች የነገረን ከባሕሩ የተረፈ የሰፈራችን ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ወፍጮው ሲነሳ አዴ ፋጡማ ሳጥኑን ይሰኩት ነበር፤ ዜማው እስኪያልቅ ማንም እንዲናገራቸው አይፈልጉም ነበር። አሁን እሳቸውም የሉም፣ አባ ሙሜም የሉም፤ በወፍጮ ቤቱ ቦታ ፎቅ ቆሟል፤ የሳጥኑን ሽቦ አይጥ በላው።

«እውነት ትመታ ነበር?» አለኝ የእህቴ ልጅ፣ ስልኩ ላይ የከበሮ ሥዕል ከፍቶ እያቀበለኝ። «እስቲ ምታ!»

ስልኩን መለስኩለት። ምት መጠበቅ አልችልም። ጭሮ ላይ ዜማው ራሱ ሲንገዳገድ የእኔ መንገዳገድ አይታወቅም ነበር እንጂ ያኔም፣ ሂርና ላይም፣ አልችልም ነበር፤ ዛሬም ሠርግ ላይ የማጨበጭበው የጎረቤቴን እጅ እያየሁ ነው።