ለገብሳችን የጠየቅሁት ግዝት

እኔ ቁጡ ነኝ። ዳባት የማስተምራቸው ልጆችም፣ በኮሶዬው ሚኒባስ አብረውኝ የሚሳፈሩ ሰዎችም ያውቁታል። አምና ለትምህርት እረፍት ከዳባት በላይ ካለው መንደራችን እናቴ ዘንድ ሄጄ፣ አውድማ ላይ ካደረው ገብሳችን አንዱ ጥግ ተዝቆ መወሰዱን በማለዳ ሳይ ደሜ ፈላ። ሌላው ሌላ ነው፤ አውድማ ላይ ያደረ እህል ግን በእኛ አገር አይነካም።

"ማን ነው?" ብዬ ጮህሁ። ከኪዳን የተመለሰችው እናቴ "ሆድ ይፍጀው" አለችና ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ ቤት ገባች።

እኔ በቀጥታ የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድሁ። ሌባው ካልታወቀ ካህኑ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ግዝት ይናገራሉ፤ የወሰደውም፣ አይቶ የሸሸገውም እስኪናገር ድረስ ከቁርባን ይከለከላል። ግዝቱን ፈርቶ የሰረቀውን በግ ጎትቶ የመለሰ ሌባ ብዙ ነው።

"አባቴ፣ ይገዝቱልኝ" አልኋቸው።

"ሰኞ ነነዌ ይገባል። ጾሙን እንጹምና፣ ካልተመለሰ እሑድ እገዝታለሁ።"

"እስከዚያ ገብሱ ይበላል እኮ!"

"የተራበ ከሆነ ይብላ።"

መልሳቸው ይብሱን አናደደኝ።

በጾሙ ሰሞን ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስንመላለስ ከወትሮው ዝም ብላ ነበር። ስለ ገብሱ አዝና መሰለኝ። የነቢዩ ዮናስ ታሪክ ሲነበብ ሰው ሁሉ ስለ ዓሣው ያስባል፤ እኔን የያዘኝ ግን መጨረሻው ነው። ነቢዩ ከከተማዋ ውጭ ተቀምጦ ጥፋቷን ሲጠባበቅ፣ እግዚአብሔር ስለማራት ተቆጣ። እውነቱን ለመናገር ለዮናስ አዘንሁለት። ያን ሁሉ መንገድ ለፍቶ! ይህንኑ ለንስሐ አባታችን ነገርኋቸው።

ሳቁብኝ። "ልጄ፣ ነቢያቱማ ተቆጥተዋል። ግን አብዝተው የተቆጡት ድሃ ሲረገጥ አይተው ነው። አንቺ የተቆጣሽበት ሰው ረጋጭ ይሁን ተረጋጭ ገና መቼ አወቅሽ?"

እኔ ግን አልተረታሁም።

ጾሙ በተፈታ ማግስት፣ የተረፈውን ገብስ ስናበጥር እናቴ "ግዝቱን ተዪው" አለችኝ።

"ለምን ሲባል?"

"ያየም ይገዘታላ።"

ሰፌዱን አስቀመጥሁ። ያን ዕለት ኪዳን ለማድረስ ስትወጣ ሌባውን አይታው ኖሯል።

"ስልቻውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ዓይን ለዓይን ተያየን። የቤቱን ችግር አውቃለሁና ፊቴን አዞርሁለት።"

"ታዲያ ማን ነው? ንገሪኝና አንቺ እንኳ ነጻ ውጪ!"

"እሱን አዋርጄ? ከምነግርሽስ ከቁርባን ልቅር።"

አባቴ ከሞተ ወዲህ የእናቴ ደስታ ቁርባኗ ነው። ቁርባኑን አጥታ እንዴት እንደምትኖር ማሰብ አቃተኝ። ለሌባው ብዬ የጠየቅሁት ፍርድ በቅድሚያ የሚያርፈው እሷ ላይ ነበር። ተናደድሁ፣ አለቀስሁም፤ ከዚያ ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ።

የንስሐ አባታችን በራቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

"ግዝቱ ይቅር፣ አባቴ።"

"ጥፋተኛው ተገኘ እንዴ?"

"ግማሹ ተገኘ። እናቴ ናት።"

እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም የምስቅ ሳይመስለኝ አብሬያቸው ሳቅሁ።

እሑድ እናቴ ቆረበች። ሰውዬው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠይቃትም። ሰውዬውን ስለማላውቀው፣ መንደር ስገባ ማንንም በክፉ ዓይን ማየት አልችልም። ያገኘሁትን አባወራ ሁሉ ቆሜ "ልጆቹ እንዴት ናቸው?" እለዋለሁ፤ መልሱንም ከልቤ እሰማለሁ።