ገመድ ላይ ደም የለም

ትናንት ከሰዓት አንድ ነጋዴ እንግዳዬ ዝናብ የመታውን የቃጫ ገመድ ከአውቶቡስ ጣሪያ አውርዶ ግቢዬ ውስጥ አሰጣው። ፀሐይ ሲያርፍበት ያ ሽታ ተነሣ፤ ኮምጠጥ ያለ፣ የረጠበ ሣርና ላብ የተቀላቀለበት ሽታ። አውቀዋለሁ። መጥረጊያዬን ጣልኩና "ይኼን ነገር ከፊቴ አንሣልኝ!" ብዬ ጮህኩበት። ምስኪን፣ ምን እንዳጠፋ እንኳ አልገባውም። አንተም ካረፍክበት ክፍል በመስኮት አይተህ ሳቅህ። ቢቸና ላይ አልጋ ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ ቁጡዋ ሴትዮ እየተባልኩ ነውና ሳቅህ አልከፋኝም። የከፋኝ ቀጥለህ የጠየቅኸኝ ነው፤ "በእናንተ አካባቢ ምን የሚጎበኝ ነገር አለ?" ያልከው።

የሚጎበኝ! ፏፏቴ ከፈለግህ አለ፤ ክረምት ውሃው ሲሞላ መንገዱ በጭቃ ይዘጋል፣ በጋ መንገዱ ሲከፈት ውሃው ይደርቃል። ዋሻም አለ፤ ከሌሊት ወፍ በቀር የሚቀበልህ የለም። የቅኔ ተማሪዎችን ጎጆ ፎቶ ማንሣትም ትችላለህ፤ ብቻ የመንደሩን ውሾች ተጠንቀቅ፣ የቆሎ ተማሪና ጎብኚ አይለዩም። ከሞጣ ወደ ዓባይ በረሃ ወርደህ የምታገኘውን ሰባራ ድልድይ ግን እኔን አትጠይቀኝ ብዬህ ነበር። አልሰማህም። በል እንግዲህ ተቀመጥ፤ ማስታወሻ ደብተርህን ግን ዝጋው።

ድልድዩ የነገሥታት ዘመን ሥራ ነው፤ ድንጋዩ በኖራ ተያይዞ ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የራሳችን ሰዎች ጠላት እንዳይሻገር ብለው መሐሉን ሰበሩት ይባላል። ጠላት መጥቶ ሄደ፤ ስብራቱ ለእኛ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ሰው የሚሻገረው በገመድ ነበር። በሁለቱም አፋፍ ጉልበተኛ ወንዶች ይቆማሉ። ተሻጋሪውን ብብቱ ሥር ያስሩታል። ከወዲህ ያሉት ገመዱን ቀስ እያሉ ይለቁለታል፣ ከወዲያ ያሉት ይስቡታል። ሙሽራ፣ ቄስ፣ ፍየል፣ የጨው ከረጢት፣ ሁሉም የሚሻገረው እንደዚያው ነበር። ዛሬ ትንሽ ፈንጠር ብሎ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠርቷል። ወጣቶቹ መሐሉ ላይ ቆመው እየሳቁ ራሳቸውን ፎቶ ያነሣሉ። እኔ እዚያ ላይ መሳቅ አልችልም።

በእኛ በኩል የገመዱ አለቃ የነበረው ሰው ደመኛችን ነበር። ታላቅ ወንድሙ በእርሻ ወሰን ተጣልቶ አባቴን ገድሏል፤ ታስሮም እዚያው እስር ቤት ሞቷል። ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ። ወንድም ስለሌለኝ ደሙ እናቴ ምላስ ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌዎች ለእርቅ ሦስት ጊዜ መጡ፤ ሦስቴም በሩን ዘጋችባቸው። እንደ አገሩ ደንብ ደም እስኪደርቅ ድረስ የሁለቱ ቤት ሰዎች አይነጋገሩም፣ ለቅሶም አይደራረሱም። የገዳይ ወገን የሟችን ወገን ከሩቅ ሲያይ ደግሞ መንገዱን ለቆ ይወጣል። እናቴ ይህችን ደንብ እንደ ዳዊቷ ትወዳት ነበር። ገበያ ስንሄድ ያ ሰው ከነአህያው ማሳ ውስጥ ሲገባላት አንገቷ ቀጥ ይላል። እኔም ከእሷ ተምሬ እጠላው ነበር። አጠላሌ የዋዛ አልነበረም።

ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ፣ ሰኔ እንደገባ፣ ከማዶ መልእክት መጣ። ታላቅ እህቴ ዓባይን ተሻግራ ነበር የተዳረችው። ወልዳ ልጁ ሞቶባት፣ እሷም በትኩሳት ተይዛ "እናቴን አምጡልኝ" ትላለች አሉን። እናቴና እኔ በጠዋት ወረድን። ቁልቁለቱ ባለቀ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፣ ዓባይም መጀመሪያ እንደ ወፍጮ፣ ከዚያ ጆሮ እስኪደነቁር ይጮኻል። ከላይ ዘንቦ ስለነበር ውሃው ደፍርሶ ሞልቷል። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሰውየው ገመዱን እየጠቀለለ ነበር። አየንና ወደ ጥግ ሸሸ። ግን ከድልድይ ወዴት ይወጣል?

"በእነሱ እጅ አልንጠለጠልም" አለች እናቴ፣ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ።

ሰውየው ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ፣ ለድንጋይ እንደሚያወራ ሁሉ "ገመድ ላይ ደም የለም፤ ደንባችን ነው" አለ።

"ነይ፣ በባሕር ዳር እንዞራለን" አለችኝ።

ያኔ በባሕር ዳር ዞሮ ማዶ ለመድረስ፣ መኪና ጠብቆ፣ ከመኪና ወርዶ ደግሞ በእግር ተጉዞ፣ አራት አምስት ቀን ነው። እህቴ አራት ቀን እንደሌላት መልእክተኛው ዓይን ላይ አይቻለሁ፤ እናቴም አይታለች። እግሯ ሥር ወድቄ ለመንኳት። "ከተሻገርሽ ልጄ አይደለሽም" አለችኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ አልኳትና እጆቼን ወደ ላይ አነሣሁ።

ሰውየው ሳያየኝ አሰረኝ። ገመዱ እንዳይከረክረኝ ጋቢውን አውልቆ፣ አጥፎ፣ ብብቴ ሥር ወተፈልኝ። ያ የቃጫ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ፊቴን አዞርኩበት። ከዚያ እግሬ ድንጋይ ለቀቀ።

መሐል ላይ ስደርስ ገመዱ ቆመ። ከሥሬ ውሃው ይፈላል፣ ከላይ ደግሞ የሰውየው ፊት ብቻ በአፋፉ ብቅ ብሎ ቁልቁል ያየኛል። አልለቀቀኝም፣ አልሳበኝም። ሊጥለኝ ነው አልኩ። እናቴ ያለችው ሆነ አልኩ። በዚያን ጊዜ የጮህኩትን ጩኸት ገደሉ እየተቀባበለ መለሰው፤ "ገዳይ! የገዳይ ዘር! ዘርህ ይጥፋ!" የሰውየው ፊት ጨምደድ አለ። ጥቂት ቆይቶ ገመዱ እንደገና መሄድ ጀመረና ማዶ ያሉት ጎትተው አወጡኝ። ዞር ስል እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ዳገቱን ትወጣለች።

እህቴ ጋ ሁለት ቀን ቆየሁ። ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ፣ በዛለች ድምፅ "እማስ?" ትለኛለች። "ከኋላዬ ናት፣ ወረፋ ይዛ ነው" እላታለሁ። እናቴ ምን ጊዜም ወረፋ አትወድም ብላ ፈገግ አለች። በሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ዓይኗን በሩ ላይ እንደጣለች አረፈች። እናቴ በአምስተኛው ቀን አቧራ ለብሳ ደረሰች። ድንኳኑን አይታ መሬት ላይ ተቀመጠችና "ደረስሽባት?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም፤ እስክትሞት ድረስ እህቴ ምን እንዳለች አልጠየቀችኝም። እኔም ያን ቀን እናቴን ጠላኋት። ይኸው ተናገርኩት።

የሆነውን ያወቅሁት መስከረም ላይ ሞጣ ገበያ ነው። ከእናቴ ጋር ዕድሜ ልኩን የተገበያየ ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴ ነበር። እሷ ጥለት ስትመርጥ እኔን ወደ ጎን ጠራኝ።

"ያን ቀን እኔ ወረፋ ላይ ነበርሁ፤ ወላሂ ባይኔ ያየሁትን ነው የምነግርሽ" አለኝ። "ገመዱ አጥሮባቸው ሁለት ቀጥለው ነበር። ቃጫ ደግሞ ሲረጥብ ያብጣል። መቀጠያው ቋጠሮ የግንቡ ስንጥቅ ውስጥ ተቀረቀረ። ማዶ ያሉት በውሃው ጩኸት አይሰሙ፣ መሳቡን አይተውት! የበለጠ ቢስቡት ድንጋዩ ገመዱን ሊቆርጠው ነው። ሰውየው በሆዱ ተኝቶ እጁን ከተተና ቋጠሮውን አወጣው። ሁለት ጣቱ እዚያው ቀረ። አንቺ ስትሰድቢው እኮ ጣቱ በገመዱ ሥር ነበር፣ ልጄ።"

በዚያው ገበያ ሰውየውን አየሁት። ጨው የሚቋጥረው በግራ እጁ ነበር። ወደ እሱ ልሄድ ስነሣ እናቴን ከኋላዬ አያት፤ ወዲያው ጨውን አንሥቶ በሰው መሐል ጠፋ። ደንብ ነዋ! ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንዳገኘሁት አልነግርህም። ባየኝ ቁጥር መንገዱን ይለቅልኛል። እናቴ ካረፈች በኋላ እንኳ አልተወውም። አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ብቻውን ሲመጣ አየሁትና "ቁም!" ብዬ ጮህኩ። ከእኔ የሚያውቀው ጩኸት ያንን የገደሉን ስድብ ብቻ ነው። አንገቱን ደፍቶ፣ እርምጃውን አፍጥኖ ጤፍ ውስጥ ገባ። የሰው ማሳ እየረገጥኩ ተከተልኩት፤ አልደረስኩበትም። ደንቡን ያወጣውን ሰው ባገኘው እላለሁ አንዳንዴ።

ባለፈው ዓመት ሞተ። የነገረኝ ከሞጣ የመጣ ሾፌር ነው፤ እሱ ለወሬ ያህል ነው ያወራው። አልጋ ቤቱን ዘግቼ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የደመኛ ለቅሶ እንደማይደረስ አላጣሁትም። ግቢው ውስጥ ስገባ ወንዶቹ አወቁኝና ተነሡ፤ አንዱ ዱላውን ጨበጠ። ምን ልታደርጊ መጣሽ ያለኝ ግን የለም። አልፌ ከሴቶቹ መሐል ተቀመጥኩ። አጠገቤ ከማዶ የመጣች፣ የማታውቀኝ አሮጊት ነበረች። አለቃቀሴን አይታ ኖሮ ጠጋ አለችኝ።

"እኔ የአክስቱ ልጅ ነኝ። አንቺስ፣ ልጄ፣ ምንሽ ነው?"

ምን ልበላት? ዘመዴ አይደለም። ጎረቤቴ አይደለም። አንድ ቀን እንኳ እግዜር ይስጥልኝ ያላልኩት ሰው ነው።

"ደመኛዬ ነው" አልኳት።

አሮጊቷ ነጠላዬን በእጇ አዘቅዝቃ እንደ ቤተ ዘመድ አለበሰችኝ።