ቀስ ብላ የምትነቃው ቦርድ

ሰፈሩ «ሞገድ» ይለዋል። ዕድሜውን ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ቴክኒሻን ሆኖ ስለሠራ የወጣለት ስም ነው። እሱ ጡረታ ሲወጣ ስሙ አብሮት አልወጣም። አሁን የሚሠራበት ቦታ የመኝታ ቤቱ ግማሽ ሆኗል፤ በአንድ በኩል አልጋው፣ በሌላ በኩል ጠረጴዛው፣ በመካከሉ ሰው ጎኑን ይዞ የሚያልፍበት መተላለፊያ። ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ወደዚያ መተላለፊያ ትዘረጋለች። እሱ ወደ ጠረጴዛው፣ እሷ ወደ ግድግዳው እያዩ ጀርባና ጀርባ ሆነው ያወራሉ። ብዙ ትዳር ፊት ለፊት ተቀምጦ ከሚያወራው ይልቅ እነሱ እንደዚያ ሆነው ያወሩት ይበልጣል።

ሚስቱ ነርስ ናት፤ መኪና እየነዳች በየቤቱ የምትዞር ነርስ። አንዱ ቤት ቁስል ታጥባለች፣ ሌላው ቤት መርፌ ትወጋለች፣ ሦስተኛው ቤት ምንም ሳታደርግ ቁጭ ብላ ታዳምጣለች። እሷን የሚያደክማት ይሄ ሦስተኛው ነው። መኪናዋ የመሥሪያ ቤቱ ናት። ስልኳን በገመድ ስታገናኘው ካርታውም ጥሪውም መኪናው ስክሪን ላይ ይመጣል። በሽተኛ ቤት ስትገባ የስልኩን ድምፅ ታጠፋለች፣ ስትወጣ መልሳ መክፈቱን ትረሳለች፤ ስለዚህ ገመዱ ካልተሰካ ለሚደውልላት ሁሉ የለችም ማለት ነው። ገመዱ ደግሞ በየደጃፉ ሲሰካ ሲነቀል የስልኩ ቀዳዳ ላልቶ፣ መኪናው ጉድጓድ በመታ ቁጥር ይወልቃል።

አንድ ቀን ወለቀ፤ እሷም ልብ አላለችም። የአንዲት አሮጊት ልጅ ብትደውል ብትደውል መልስ አጣችና እናቷን በጎረቤት መኪና ሆስፒታል ወሰደቻቸው። አሮጊቷ በነጋታው ደህና ሆነው ተመለሱ። የነርሷ ኃላፊ ግን በሰው ፊት ተናገራት።

ያን ዕለት ቤት ገብታ አንዱን ጫማ አውልቃ ሌላውን ሳታወልቅ ቆየች።

«ልተወው መሰለኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ሥራውን።»

ሞገድ መበየጃውን አስቀመጠ። ይህን ቃል ከአፏ ሰምቶ አያውቅም። ነፍሰ ጡር ሆና እግሯ ያበጠ ጊዜም፣ አባቷ የሞቱ ሰሞንም አላለችው። ሥራዋን ከተወች ምን እንደሚተርፋት አሰበና ፈራ። እሱ ሥራ ሲያቆም የተረፈው ይህ ጠረጴዛ ነበር፤ እሷ ጠረጴዛም የላትም።

«ጥፋቱ የገመዱ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም» አላት።

«የገመዱ» አለች። ተስማምታ ይሁን መከራከር ታክቷት አልለየለትም። ሁለተኛውን ጫማ አወለቀች።

እሱ ግን ነገሩን ተስማምታለች ብሎ ያዘው። ገመዱን ካጠፋሁ ድካሟን አጠፋሁ አለ በልቡ። መላውንም ያውቀዋል፤ ሁሉ ነገሯ በአንድ ሰሌዳ ላይ ያለ፣ መዳፍ ላይ የምታርፍ ኮምፒውተር አለች፤ ሠሪዎቹ ባጭሩ ቦርድ ይሏታል። መኪናው ላይ ተሰክታ «ስልኩ እኔ ነኝ» ትለዋለች፤ እውነተኛው ስልክ ቦርሳ ውስጥ እንደተኛ በአየር ያናግራታል።

መንገዱ መታጠፊያ ላይ ጎማ ቤት ላለው ጎረምሳ ይህን ሲያስረዳው ልጁ ጆሮውን በቁልፍ እየኮረኮረ ሰማው።

«ተሠርቶ የሚሸጥ የለም እንዴ ጋሼ?»

«አለ።»

«ታዲያ?»

«እሱን እኔ አልሠራሁትማ።»

ጎማ ቤቱ ሳቀ። ሞገድ ግን የምሩን ነበር።

ጭንቁ የትኛውን ቦርድ ልግዛ የሚለው ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ሻጩም የሁሉንም ጉልበት እየደረደረ ያወራል። ሞገድ የማሰራጫ ጣቢያ ሰው ነውና ዕቃን በጉልበቱ መመዘን ለምዷል፤ መጀመሪያ ጉልበተኛውን ገዛ። ሲሰካው መኪናው ዝም አለ። ቀዳዳ ለወጠ፣ ፕሮግራሙን እንደገና ጫነ፤ መኪናው ያው ነው። ብዙ ከደከመ በኋላ ነገሩ ገባው። መኪናው አዛዥ መሆን ይፈልጋል፤ የሚሰካበትን ሁሉ እንደ ስልክ ያዛል። ይሄ ቦርድም በዚያ ቀዳዳው ሌላውን ለማዘዝ የተሠራ ነው። ሁለት አዛዥ ተፋጠው ነበር።

«ማዘዝ እንጂ መታዘዝ አያውቅም» አላት ለሚስቱ።

«ከማን ቤት መጥቶ ሊያውቅ ነው» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

ሁለተኛዋን ሲገዛ ጉልበቷን ትቶ ጠባይዋን ጠየቀ። መታዘዝ ታውቃለች፣ በአየር የምታናግረውም ሳይቆራረጥ ነው። መኪናው ስክሪን ላይ ካርታው ያለ ገመድ ሲመጣ ሞገድ እንደ ልጅ እጁን አፋተገ። አንድ ጉድለት ብቻ አላት፤ እንቅልፋም ናት። የመኪናው ሞተር ሲጠፋ እሷም ትጠፋለች፣ ቁልፉ ሲዞር ከባዶ ትነሳለች። እስክትነሳ ስክሪኑ ጨለማ ነው፤ መሐሉ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ነገር ብቻ ትሽከረከራለች። ሚስቱ ጠዋት ጠዋት ቁልፉን አዙራ፣ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቶላት፣ እሱ የበሩን መዝጊያ ይዞ ቆሞ፣ ክቧ እስክትቆም ትጠብቃለች። ካርታው ሳይመጣ መንገድ አትጀምርም።

ይህ ሞገድን ሰላም ነሳው። እሱ ዕድሜውን በሠራበት ሬዲዮ ጣቢያ ዝምታ ወንጀል ነበር። በሁለት ፕሮግራም መካከል ሰው እስኪያስል ያህል አየሩ ዝም ካለ ቴክኒሻኑ ይጠራል። ወጣት ሳለ አንድ ጊዜ ቴፕ ተበጥሶበት ያውቃል። ተጣድፎ ሲቀጥል ከመስታወቱ ወዲያ የነበረችው ዜና አንባቢ ዓይኗን ጨፍና ወንበሯ ላይ ተደግፋ አያት። ተናዳብኛለች ብሎ ደነገጠ። ሴትዮዋ ከሞተች ስንት ዘመኗ ነው፤ ያ የተጨፈነ ዓይን ግን እስከ ዛሬ አልሄደለትም።

እናም ሦስተኛ ቦርድ ገዛ። ከሁሉ ትንሿን፣ ሻጩ «ለአሻንጉሊት ካልሆነ» ብሎ የናቃትን። አቅሟ ትንሽ ስለሆነ የማያስፈልጋትን ፕሮግራም ሁሉ እንደ ጎመን ቅጠል እየቀነጠሰ ጣለላት። ስንት ቀን ጎንበስ እንዳለ የሚያውቀው ወገቡ ነው። በመጨረሻ ቁልፉ ሲዞር፣ የደህንነት ቀበቶው ቀጭ ሳይል ቦርዷ ነቃች። የመጀመሪያው ጥሪ ሚስቱ መሪውን ሳትጨብጥ ገባ።

«ሰማሽ?» አላት በመስኮቱ።

«ሰማሁ። ጎበዝ» አለችው፤ ጥሪውንም አነሳች።

ሞገድ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። ጎማ ቤቱ ደግሞ ደጋግሞ ሰማ። ሰነበተና አንድ ከሰዓት በኋላ ሞገድ በዚያ ሲያልፍ ልጁ ጠራው።

«ጋሼ፣ የሲስተርን ጎማ ማነው እንዲህ የሚያስተነፍሰው?»

«ምን ሆነ?»

«እኔ ምን አውቄ። በየቀኑ ወደ ቤት ስትመለስ እዚህ ትቆማለች። ‹ንፋስ እይልኝ› ትላለች። አያለሁ፣ ሙሉ ነው። ሙሉ ነው ስላት ‹ደግመህ እይ› ትለኛለች። ሞተሩን አጥፍታ ራሷን ደገፍ ታደርጋለች። እኔ እንግዲህ አራቱንም እዞራለሁ። ትናንት ተጠባባቂውን ሳይቀር አይቼላታለሁ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ያቺን ፈጣኗን ካስገባህላት ወዲህ።» ልጁ ድምፁን ቀነስ አደረገ። «አሁን አሁን ቀስ ብዬ ነው የማየው።»

ሞገድ ወደ ቤቱ ሄደ። ሚስቱ ስትመጣ መተላለፊያው ላይ እግሯን ዘረጋች። እሱ ወደ ጠረጴዛው ዞሮ የማይሠራበትን ሽቦ ይዞ ነበር።

«ጎማ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?»

«ያ ወሬኛ» አለች።

«እሱን ተይው።»

«የፊተኛዋን ለምዷት ነበር ሰውነቴ።»

«እንቅልፋሟን?»

«አዎ። ቁልፉን አዙሬ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እቀመጥ ነበር። ያቺ ክብ ነገር ስትዞር አያለሁ። ያኔ ማንም አያገኘኝም። ያሁኗ ግን ገና ሳልቀመጥ ሰው ትጠራብኛለች። ከአንዱ ቤት ወጥቼ ሌላው ሳልደርስ ሌላው ጆሮዬ ውስጥ ነው።»

«ስልኩን ትንሽ መዝጋት ነዋ።»

«ከዘጋሁት የዘጋሁት እኔ ነኛ» አለች። «ያቺ ስትነቃ ግን ጥፋቱ የማንም አይደለም። ሥራዬ ላይ ነኝ፣ እየጠበቅኩ ነው። ይገባሃል?»

«በዚያ መሐል ቢደወልስ?»

«ስትነቃ ማን እንደደወለ ታሳየኛለች፣ እመልሳለሁ። አሮጊቷ ጊዜ እኮ ግማሽ ቀን ነው ያላወቅሁት። ይቺ አንድ ትንፋሽ ናት።»

ሽቦውን አስቀመጠ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎህ አየሁህ።»

ከጀርባው የአልጋው ሽቦ ሲጮህ ሰማ፤ ጋደም ብላ ነው። ሞገድ የዜና አንባቢዋን የተጨፈነ ዓይን አሰበ። ስንት ዘመን ቁጣ ነው ብሎ ይዞት ኖረ። ሴትዮዋ ምናልባት በዚያ ሁሉ ዓመት አንዴ ብቻ፣ በእሱ ቴፕ መበጠስ ሰበብ፣ ዐረፍ ብላ ይሆናል። ሄዶ አይጠይቃት ነገር። አባቱ «ዝም አይነቅዝም» ይሉ ነበር፤ እሱ ግን ሲነቅል የኖረው ዝምን ነበር።

ሚስቱ እንቅልፍ እስኪወስዳት ጠበቀ። ከዚያ ወደ መኪናው ወርዶ ፈጣኗን ነቀለ፣ እንቅልፋሟን መልሶ ሰካ። ፈጣኗን መሳቢያ ውስጥ፣ ከዚያ ማዘዝ ብቻ ከሚያውቀው ጉልበተኛ ጎን አስቀመጣት። ለሻጩ እንዴት አድርጎ እንደሚያስረዳው አስቦ ተወው፤ ሰው ቦርድ ሲመርጥ ጉልበቷን፣ ሙቀቷን፣ ዋጋዋን ይጠይቃል እንጂ «ምን ያህል ታስጠብቃለች» ብሎ ፈልጎ የሚገዛ የለም።

«ልተወው መሰለኝ» ያለችውን ነገር ሚስቱ አላነሳችም። እሱም አላነሳም። አልተነሳም ማለት ግን ተረሳ ማለት አይደለም፤ እግሯ አሁንም ሲመሽ ያብጣል፣ ሦስተኛው ቤትም አሁንም አለ።

ጠዋት በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላት። ቁልፉን አዞረች። ስክሪኑ ጨለመ፣ ትንሿ ክብ መዞር ጀመረች። ወደ ስክሪኑ አየች፣ ቀጥላ ወደ እሱ። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ራሷን ወደ ኋላ ደገፍ አደረገች።

ድሮ ቢሆን መስኮቱን መትቶ «ቆየች እንዴ?» ይላት ነበር። አሁን መዝጊያውን ለቆ ወደ ኋላ ጎማ ዞረ፣ ቁጢጥ ብሎ በአውራ ጣቱ ጫን አለው። ንፋሱ ሙሉ ነበር። ደግሞ አየው።