ሸክላ ሠሪዋ የሚጥሉት አፈር

ጉለሌ ውስጥ አንድ ጭብጥ አፈር ይዞ «ይኸ ለዘር ነው፣ ይኸ ለግድግዳ ነው» ብሎ የሚለይ ሰው ፈልጉ ቢሏችሁ አትድከሙ፤ እኔ ነኝ። ራሴ የምናገረው ሌላ ሰው እስኪናገርልኝ ብጠብቅ ሽበቴ ስለቀደመ ነው። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ከሱቅ ሰሌዳ ላይ ነው። ግን እውነቱን ልናገር፣ አፈሩን ያስተማሩኝ አንዲት ሸክላ ሠሪ ናቸው። እኔ ደግሞ አስቀድሜ ስማቸውን አጥፍቼ ነበር።

ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ጎረምሳ ነኝ፣ ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች፣ ቤት የለንም። አንዲት እሜቴ አትክልተኛ ይፈልጋሉ፣ ከጓሮአቸውም አንድ ክፍል ይሰጣሉ ሲባል ሰምቼ ሮጥኩ። አትክልት ታውቃለህ ወይ አሉኝ።

«እሜቴ፣ እኔ ዘነዘና ብተክል ይበቅላል» አልኳቸው።

እስከዚያ ቀን የተከልኩት ነገር ቢኖር የአጥር እንጨት ነው፤ እሱም ተንጋዷል። እሜቴ ሳቁና ክፍሉን ሰጡን።

በሚያዝያ መጨረሻ ወንድማቸው ከውጭ አገር የላኩላቸውን የአበባ ዘር አመጡልኝ። ፖስታው ላይ ወይን ጠጅ አበባ ተሥሏል፣ ስሙ በፈረንጅ አፍ ነው። ዘሩ ከጤፍ ያንሳል፤ ካነጠሱ የለም። ለእንቁጣጣሽ በደረጃው ግራና ቀኝ በማሰሮ አብቦ ማየት እፈልጋለሁ አሉ። ድምፃቸውንም ሳያነሱ፣ ካልሆነልህ ክፍሉን ለሚያውቅ ሰው እሰጠዋለሁ አሉኝ። ሚስቴ በር ላይ ሆና ሰማች። ሆዷን ያዝ አደረገች።

እኔ እንዲህ አሰብኩ፦ ሰው የሚጠነክረው በሥጋና በቅቤ ነው፣ ዘርም እንደዚያው። ሸጎሌ በኩል ከብት ካለው ሰው ትኩስ እበት በጆንያ ተሸክሜ መጣሁ፤ ገና ይጨሳል። ከወንዝ ዳር ጥቁር ጭቃ ጨመርኩበት፣ ግድግዳ እንደሚመርግ ሰው በእግሬ ረገጥኩት፣ የሳልሳ ጣሳዎች ሞላሁበት። ጣሳዎቹን አልበሳኋቸውም፤ ውሃው ለምን ይባክናል ብዬ ነው። ከዘሩ ግማሹን ዘራሁ።

በአጥራችን ጥግ ሸክላ ሠሪዎች ጭቃቸውን ተሸክመው በየጠዋቱ ያልፋሉ። አንደኛዋ፣ ጠና ያሉት፣ ቆም እያሉ ጣሳዎቼን ያያሉ። ያኔ የሰፈራችን ሰው እንስራውን ከእጃቸው ይገዛል፣ ዓይናቸውን ግን ይፈራል፤ ቡዳ ናቸው ይላል። እኔም ያው የሰፈሩ ሰው ነኝ። ጣሳዎቹን ሰብስቤ አልጋችን ሥር አስገባሁ፣ በጆንያ ሸፈንኩ፣ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣሁ። ሚስቴ ሽታውን ሸሽታ ደጅ መዋል ጀመረች።

በሁለተኛው ሳምንት ጆንያውን ስገልጥ እንደ ክር የቀጠኑ ነጫጭ ነገሮች ብቅ ብለዋል። ጨፈርኩ። በማግስቱ ሁሉም ተጋድመዋል፤ ሥራቸው በስብሷል። ወዲያው ሄጄ ለግቢው ዘበኛ፣ የሸክላ ሠሪዋ ዓይን በላብኝ ብዬ ነገርኩት። ለዘበኛ የነገሩት ደግሞ በአዋጅ የተነገረ ማለት ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴትዮዋ በራችን ላይ ቆሙ።

ስድብ ጠበቅሁ። እሳቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና፣ «ዓይኗ በላው ብለሃል አሉ። እስቲ አምጣው፣ የበላሁትን ልየው» አሉኝ።

አንዱን ጣሳ አቀረብኩ። ከጭቃው ቆንጠር አድርገው በመዳፋቸው መሐል አድቦለቦሉት፤ ገመድ ወጣው። ገመዱን አጥፈው ቀለበት አደረጉት፤ አንድ ስንጥቅ የለበትም። ለሚስቴ አሳዩዋት።

«አየሽ ልጄ፣ ባልሽ ጥሩ ጀበና አበጅቷል። ዘሩ ግን እዚህ ውስጥ በምኑ ይተንፍስ?»

ሚስቴ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ፤ ግን ያ ጭቃ እንኳን ለእኔ ለማንም አይሰነጠቅም።

ተነሥተው መሄድ ይችሉ ነበር። አልሄዱም፤ እስከ ዛሬ የማመሰግናቸው ለዚህ ነው። ነገሩ ቀላል ነው አሉኝ። እሳቸው ለሸክላ አፈር ሲመርጡ የሚያያዘውን ወስደው የሚፈረፈረውን ይጥላሉ፤ ዘር የሚወደው ያንን የሚጥሉትን ነው። ፍጉ ዓመት የከረመ፣ የጠቆረ፣ ሲያሸቱት እንደ መጀመሪያ ዝናብ የሚሸት ይሁን። እጅ ሲከቱበት ከሞቀ ገና እየበሰለ ነው፣ ዘሩንም አብሮ ይቀቅለዋል። ከባሕር ዛፍ ሥር አፈር እንዳትወስድ፣ ሣር የሸሸውን ቦታ ዘር ምን ብሎ ይቀመጥበታል አሉ። እኔ ነገ እንጦጦ ወጥቼ ከዚያው ላመጣ አስቤ ነበር።

ቅጠል ከበሰበሰበት ከአሮጌ አጥር ሥር ያነሣነውን አፈር ሁለት እጅ፣ ፍግ አንድ እጅ፣ የወንዝ አሸዋ አንድ እጅ ቀላቀልን፣ በአሮጌ ወንፊት ነፋን። እሳቸው ሸክላ በተኮሱ ቀን አፈሩን በቆርቆሮ አድርገው ትኩሱ አመድ ላይ አቆዩት፤ ትሉና የአረሙ ዘር እንዲሞት ነው። እስኪበርድ ጣሳዎቹን በምስማር በሳሁ። ከሥር ውሃው እንዲወርድ የተሰበረ ሸክላ አነጠፍን።

«ጨብጠው» አሉኝ። ጨበጥኩ።

«ክፈት።» ከፈትኩ፤ እንደ እንቁላል ቆሟል።

«በጣትህ ንካው።» ነካሁት፤ ፍርፍር አለ።

«በቃ፣ ይኸ ነው» አሉ።

የቀረውን ዘር ላይ ላዩን በተንኩ። ከዚህ በኋላ ሌላ ዘር የለም፤ እኛም የምንገባበት ሌላ ክፍል የለንም። ጣሳዎቹን ብርሃን ባለበት፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያይበት በአጥሩ ጥግ ደረደርኩ። ዘበኛው አበድክ አለኝ። ሴትዮዋ ሲያልፉ ቆመው ያያሉ፤ እኔ እንዲያውም ካላዩልኝ ቅር ይለኝ ጀመር። በአሥረኛው ቀን መርፌ ጫፍ የምታክል አረንጓዴ ነገር አየሁ። ሚስቴን ጠራኋት፤ ሁለታችንም ተንበርክከን ትንፋሻችንን ይዘን አየን። ክረምቱ ሲበረታ ችግኞቹን በረንዳ ሥር አስጠጋኋቸው፣ ጠንከር ሲሉ በዚያው ዓይነት አፈር ወደ ተሞሉ ማሰሮዎች አዛወርኳቸው።

ለእንቁጣጣሽ ደረጃው ወይን ጠጅ ለበሰ። እሜቴ ወርደው አዩ፣ አንዱን አበባ በጣታቸው ነካ አደረጉ፣ ክፍሉ የናንተ ነው አሉን። ቀጥለው ማን አስተማረህ አሉኝ። «ራሴ» የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች፤ እኔን ብታውቁኝ አይገርማችሁም። ሚስቴ ግን አጠገቤ ቆማ ታየኛለች። ሁሉንም ተናገርኩ፦ አትክልተኛ እንዳልነበርኩ፣ የመጀመሪያውን ዘር እንዳጠፋሁ፣ ጥፋቴንም በሴትዮዋ ዓይን እንዳሳበብኩ። እሜቴ አበባውን ደግመው ነካ አደረጉት። ክፍሉን አልነሱኝም።

«የበደልከው እሳቸውን ነው። ይቅርታውን እዚያ ጠይቅ» አሉኝ።

በበዓሉ ማግስት እንደ ወጉ ድንጋይ በትከሻዬ ተሸክሜ ሸክላ ሠሪዋ ደጅ ሄድኩ። ሴቶቹ ለገበያ ማሰሮ በገመድ ያስራሉ። በሁሉም ፊት ጎንበስ ብዬ፣ ስምዎን አጥፍቻለሁ፣ ይማሩኝ አልኳቸው። እሳቸው ሥራቸውን ሳያቋርጡ አዩኝ።

«እግዜር ይማርህ። ድንጋዩን ግን ጣለው፣ ለምንም አይጠቅመኝም። ትከሻህ ከበረታ ይኸን ተሸከም» አሉ።

ስድስት ማሰሮ ጀርባዬ ላይ አሰሩልኝ። በሰፈራችን መሐል፣ በዘበኛው ፊት፣ እሳቸው ከፊት እኔ ከኋላ አለፍን። ዘበኛው ምን ሆነህ ነው ብሎ ሳቀብኝ።

«የኔታን ተከትዬ ነው» አልኩት።

እስከ ገበያ ድረስ አንድ ማሰሮ አልሰበርኩም።