የላባው ትኩስ ፎጣ

ደንበኞቹ «ላባው» ይሉታል፣ እጁ ስለሚቀል። ምላጩ ጉሮሮ ላይ ሲያልፍ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል እንጂ አይሰማውም። ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም ፀጉር ቤቱ ውስጥ ከልጁ ጎን ቆሞ ይሠራል። ሁለት ወንበር ነው ያለው፣ አንዱ የሱ፣ አንዱ የሷ።

አንድ ማለዳ የቀኝ እጁ አንጓ እንደ ቡሆ ኩፍ ብሎ፣ ቀልቶ፣ እየፋጀው ነቃ። እንግዲህ የዚህን ሰው ሞኝነት ተመልከቱ! ዕድሜውን ሙሉ ደረቅ ፂምና የተኮማተረ አንገት በትኩስ ፎጣ ሲያላላ ስለኖረ፣ ትኩስ ፎጣ የማይፈታው ነገር ያለ አይመስለውም። አንጓውን ጠቀለለው፤ እንደ ደንበኛ አንገት አሸው፤ ደግሞ ጠቀለለው። ማታ ማንኪያ መያዝ አቃተው። «ሪህ ነው፣ ሥጋ ተው» አለው ጎረቤቱ። ተወ። እብጠቱ ግን ወይ ፍንክች።

ልጁ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ ከአንጓው ፈሳሽ በመርፌ ቀድታ በማይክሮስኮፕ አየች።

«አባቴ፣ ሪህ ይመስላል እንጂ ሪህ አይደለም። መጋጠሚያዎ ውስጥ የካልሲየም ክሪስታል ተጠራቅሟል። ማንቆርቆሪያ ሥር የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያውቁት የለ? እንደሱ በሉት።»

«ወተት አብዝቼ ይሆን?»

«ከወተትም ከሥጋም አይደለም፤ ዕድሜ ሲገፋ የሚመጣ ነው። እብጠቱን መድኃኒት ያበርደዋል። እጅዎን ያሳርፉ፣ በረዶ ይያዙበት፣ ፎጣውን ይተዉት! ክሪስታሉን አሟሙቶ የሚያወጣ መድኃኒት ግን የለንም። አሁን ይሻልዎታል፤ ድንገት ሊመለስ ይችላል።»

ልጁ ወረፋ ልትይዝ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄዳ ስለነበር ይህን አልሰማችም። «ይሻልሃል ተባልኩ» አላት አባቷ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ፈርቶ ዋጠው፤ ምላጩን ከተቀማ ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ መዋሉ ታየው።

እብጠቱ ጎደለ። ላባው ወደ ወንበሩ ተመለሰ፤ ቀልዱም አብሮት ተመለሰ። ምላጭ ባነሣ ቁጥር ግን ልቡ አንጓው ላይ ነበር።

የልጅነት ጓደኛው፣ አናጢው፣ የመጣ ዕለት ከጠዋት ጀምሮ አንጓውን አንዳች ሙቀት ይነካካው ነበር። ምንም አይደል ብሎ አለፈው። አናጢው አገጩን ቀና፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ተኛለት። ምላጩ ጉሮሮው ላይ እንደደረሰ ሙቀቱ ወደ ሕመም ተለወጠ። ላባው በመስታወት ልጁን አያት፤ ሥራዋ ላይ ናት። ትንሽ ነው የቀረው፣ ማንም ሳያውቅ መጨረስ ይችላል። ጓደኛው ማንኮራፋት ጀምሯል፤ ማንቁርቱ ከምላጩ ሥር ከፍ ዝቅ ይላል።

ምላጩን ከጉሮሮው አነሣ።

«ልጄ፣ ነይ ጨርሺልኝ።»

«ምን ሆንክ አባዬ?»

«ሐኪሟ ሕመሙ ይመለሳል ብላኝ ነበር። ደብቄሽ ነው።»

አናጢው ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ላባው፣ ደከመህ እንዴ?» አለ።

ልጅቷ አባቷ እጅ ላይ ጎንበስ ብላ፣ አልዘረጋ ያሉትን ጣቶቹን አንድ በአንድ እየከፈተች፣ ምላጩን ታስለቅቀው ነበር።